የመጨረሻው ሰው ዘውድ

ካሌታ በምትባል የወደብ ከተማ በመንፈስ ቅዱስ በዓል ቀን የራበው ሰው ካለ ጥፋቱ የራሱ ነው። የበዓሉ ማኅበር አዳራሽ በር ከጠዋት ጀምሮ ወለል ብሎ ይከፈታል። ማን ነህ፣ የማን ወገን ነህ፣ ቤተ ክርስቲያን ትሳለማለህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ተሰልፎ የገባ ሁሉ ከረጅሙ ጠረጴዛ ይቀመጣል፤ ሳህኑ ላይ ዳቦና ናና ይደረግለታል፤ ሲንተከተክ ያደረው የበሬ ሥጋ መረቅ ይፈስበታል። ሶፓ ይሉታል። የካሌታ ሰዎች አያቶች ከአዞረስ ደሴቶች ተነሥተው ወደ ካሊፎርኒያ ሲመጡ ከያዟቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ይህ ልማድ ነው። ሌላው እልህ ነው፤ እሱም እስካሁን አላለቀባቸውም።

ሁሉም ከበላ በኋላ ደግሞ አንድ ሥርዓት አለ። በሰልፉ መጨረሻ የገባው ሰው ይነሣና የማኅበሩ የብር ዘውድ ይጫንለታል። የጥንት ንግሥት ከደጅ የቆመ ድሃ አይታ የራሷን ዘውድ አውልቃ ጫነችለት ይባላል፤ ከዚያ የመጣ ነው። ዘውዱን የሚደፋው አንዳንዴ መንገደኛ ነው፤ አንዳንዴ የመረቁ ሽታ ስቦት ከመጠጥ ቤት የመጣ ሰካራም ነው፤ አንድ ዓመት አድራሻ ጠፍቶት ሊጠይቅ የገባ ፖስተኛ ነበር። ፖስተኛው ዘውዱን እንደደፋ እያለቀሰ ሁለተኛ ሳህን ጠየቀ።

የዚያን ዓመት ዕጣ የወጣላት ደጋሽ ዲኦሊንዳ ፉርታዶ ነበረች። ስልሳ ዓመት ያለፋት፣ አጭር፣ ወፈር ያለች ባልቴት ናት፤ ጭልፋ ስትይዝ የጦር አዛዥ ትመስላለች። ደጋሽ የሆነ ሰው በዓሉን ያዘጋጃል፤ ዘውዱም ዓመቱን ሙሉ ቤቱ ይቀመጣል። ዲኦሊንዳ ዘውዱን ሳሎኗ ውስጥ በነጭ ዳንቴል ላይ አስቀምጣ፣ አቧራ ሳያርፍበት በፊት አቧራውን ትጠርግ ነበር።

ከአዳራሹ ኋላ፣ እሳቱ ዘንድ፣ ወንድሟ ጀርማኖ ነበር። ጀርማኖ በስድስት ዓመት ይበልጣታል። ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ሚስት አላገባም፤ ለምን አላገባህም ሲሉት ጀልባዬ ትቀናለች ይላል። የበዓል ቀን እሳቱ የእሱ ነው፣ ብረት ድስቶቹም የእሱ ናቸው። ድስቱ ባለቀ ቁጥር እየፈገፈገ ይደፋዋል፤ የመጨረሻው ድስት ሳይጸዳ ወደ ውስጥ አይገባም። ያኔ ሳህኑን ይዞ ይመጣና ዲኦሊንዳ ያስቀረችለትን መረቅ ታፈስለታለች። ይህን ሲያደርጉ የሁለቱም ጸጉር ሸበተ።

በዚያ ዓመት ከተማው ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ከዳርቻው ሦስት ማይል ድረስ ያለው ባሕር የክፍለ ግዛቱ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የዋሽንግተን። ዋሽንግተን የራሷን ባሕር ለአንድ የነዳጅ ኩባንያ አከራየች። ክፍለ ግዛቱ የኔን ዳርቻ የሚያቆሽሽ ነገር ሳልጠየቅ አይሆንም ብሎ ከሰሰ። ጠበቆች ሳን ፍራንሲስኮ ይሰበሰባሉ፣ ይከራከራሉ፣ ዳኛው ቀጠሮ ይሰጣል፣ ቀጠሮው ይተላለፋል። ኩባንያው ግን ባሕር ላይ የቁፋሮ ማማ ቢተክልም የብስ ላይ እግሩን የሚያሳርፍበት ቦታ ያስፈልገው ነበር፤ ቧንቧ የሚከምርበት፣ ጀልባ የሚጭንበት። ዓይኑን የጣለው ካሌታ ወደብ ላይ ባለው አሮጌ የሰርዲን ማሸጊያ ቤት ላይ ነው። ቤቱ የከተማው ንብረት ነው፤ ማከራየትና አለማከራየት የምክር ቤቱ ፈንታ ነው። ጀርማኖ ሲያስረዳ አጭር ነው፤ «ሰማዩ የእግዜር፣ ባሕሩ የዋሽንግተን፣ ቁልፉ የኛ» ይላል።

ዓሣ አጥማጆቹ በረዶ የሚጭኑት ከዚያ ቤት ጎን ነው። ኩባንያው ከገባ የበረዶው ማሽን ይነሣል፤ ጀልባዎቹም ሌላ ወደብ ይፈልጋሉ። ጎልማሶቹ ይሄዱ ይሆናል። ጀርማኖ ግን በዚያ ዕድሜው የትም አይሄድም፤ ጀልባውን ሽጦ መስኮት ዳር ይቀመጣል እንጂ። መስኮት ዳር የተቀመጠ ዓሣ አጥማጅ ደግሞ ስንት ክረምት እንደሚቆይ ዲኦሊንዳ ከአባታቸው አይታለች።

ኩባንያውን የሚደግፉትም ሞኞች አልነበሩም። ሥራ ፈልገው የተሰደዱ ልጆች ያሏቸው ነበሩ። የዲኦሊንዳ ጓደኛና የወጥ ቤት ምክትል፣ ኢዳሊና፣ በያጅ ልጅ አላት፤ ልጁ ሥራ አጥቶ ነቫዳ በረሃ ሄዷል። ኢዳሊና ከሁለቱም ወገን ጋር ትስማማ ነበር። ከዓሣ አጥማጆች ጋር ስትሆን ዘይቱን ትረግማለች፤ ማታ ስትጸልይ ለልጇ ማማ ትለምናለች። «ምን ላድርግ?» ትላለች። «እግዜር ራሱ ይምረጥ።»

ጀርማኖ ግን ምርጫው ያለቀለት ሰው ነው። ከዓመታት በፊት ዘይት ፈስሶ ዳርቻው የጠቆረ ጊዜ መረቡን በጋዝ አጥቦ አጥቦ፣ አልጠራ ሲለው አሸዋው ላይ አቃጥሎታል። ከዚያ ወዲህ ስለ ነዳጅ በተጠራ ስብሰባ ሁሉ ያንኑ የሱፍ ካፖርት ለብሶ ከፊት ወንበር ይቀመጣል። በካሌታ ስብሰባ አንድ ነዋሪ የሚናገረው ሦስት ደቂቃ ነው፤ ከፈለገ ደቂቃውን ለሌላ ሰው መስጠት ይችላል። ብዙ ሰው የራሱን ደቂቃ ለጠበቆችና ለአስተማሪዎች ይሰጣል። ጀርማኖ ሰጥቶ አያውቅም። አንዴ ለባሕሩ የሚሟገት ማኅበር ጠበቃ መጥቶ ቢለምነው፣ ሦስት ደቂቃዬን ከምሰጥህ ጀልባዬን ብሰጥህ ይቀለኛል ብሎ መልሶታል። ተነሥቶ የሚናገረውም ሁልጊዜ ያንኑ የመረቡን ታሪክ ነው። ሕዝቡ በቃሉ ያውቀዋል፤ አሸዋው ላይ ሲደርስ አንዳንዱ ከንፈሩን አብሮት ያንቀሳቅሳል።

እንግዲህ በዚህ መሃል ነው በበዓሉ ቀን የኩባንያው ጠበቃ ዋረን ፕሪቸት በማኅበሩ በር የታየው።

ፕሪቸት ጥርሱን የነከሰ ክፉ ሰው ቢሆን ነገሩ ይቀል ነበር። ትሁት ነው፤ አርባ ዓመት ገደማ ይሆነዋል፤ ክራቫቱን ኪሱ ውስጥ ከቶ ብቻውን ነው የመጣው። ሰልፉ ላይ ቆሞ አሮጊት ስትመጣ «ይለፉ እማማ» ይላል፤ ልጅ የያዘች ስትመጣ ያሳልፋል፤ ሽማግሌ ሲመጣ ያሳልፋል። እንዲህ እያሳለፈ እያሳለፈ ከኋላው ማንም የሌለ ሆነ።

ኢዳሊና የዲኦሊንዳን ክርን በክርኗ ነካች። «ያ ሰውዬ ነው። አለቀ በይው።»

«አላለቀማ» አለች ዲኦሊንዳ።

«አለቀ ማለት ኃጢአት አይደለም።»

«ድስቱ እያየኝ?»

ፕሪቸት ደረሰ። ዲኦሊንዳ እንደማንኛውም ሰው ዳቦውን አደረገችለት፣ ናናውን ጣል አደረገችበት፣ መረቁን አፈሰሰችለት። ብላ ልጄ አለችው። ፕሪቸት በላ፤ ሲበላም ወገቡን ፈታ አድርጎ፣ ላቡን እየጠረገ፣ ከልቡ ነበር። እውነቱን ለመናገር ዲኦሊንዳ ሲበላ አይታ ወደደችው፤ ምግቧን አጣጥሞ የሚበላ ሰው መጥላት አትችልበትም።

ከዚያ የዘውዱ ሰዓት ደረሰ። ደጋሽዋ ዘውዱን አንሥታ የመጨረሻው ሰው ማን ነው ብላ ጠየቀች። ሁሉም ዞሮ ፕሪቸትን አየ። ዲኦሊንዳ ልቧ ትንሽ ደነገጠ፤ ግን ሥርዓት ሥርዓት ነው፤ ለፖስተኛ የተጫነ ለጠበቃ ይቀራል የሚል የለም። በዚያ ላይ ሁሉም ሲያያት እልሁ መጣባት። ሄዳ ጫነችለት። ፕሪቸት ቀልቷል፣ ፈገግ ብሏል፤ እሷ አንድ እጇ ላይ ጭልፋውን እንደያዘች ነበር። አንድ ሰው ፎቶግራፍ አነሣ።

ሰዉ ሲበተን ዲኦሊንዳ በኋላው በር ወጣች። ብረት ድስቶቹ ሁሉ ጸድተው ተደፍተዋል። እሳቱ በውኃ ጠፍቷል። ጀርማኖ የለም። እሱ የሚቀመጥባት ጉቶ ላይ ሳህኑ ነበር፤ ዳቦው ተቆርሶ፣ ናናው ከላይ ሆኖ፣ መረቅ ሳይነካው ደርቋል። ጀልባው ጋ የሚያስቸኩለው ነገር ገጥሞት ይሆናል አለችና ዳቦውን ለወፎች በተነችው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ስለ እሷ የሚወራውን ከሰው ሁሉ በኋላ የሰማች እሷ ናት። ሐምሌ ላይ ኩባንያው በየቤቱ በራሪ ወረቀት አደለ። ፊት ለፊቱ ላይ ያ ፎቶግራፍ ነበር፤ የብር ዘውድ የደፋው ፕሪቸትና ጭልፋ የያዘችው ዲኦሊንዳ። ከሥሩ «ካሌታ ተቀብላናለች» ይላል። ዲኦሊንዳ ወረቀቱን አየችው፤ መጀመሪያ ያሳሰባት ነገር ሽርጧ ላይ ያለው የመረቅ ጠብታ ነበር። ገበያ ስትወጣ ነው ነገሩ የገባት። አንዱ አጥማጅ ሲያያት ጓደኛውን «ውሻ በበላበት ይጮሃል፤ የእኛዋ ደግሞ ባበላችበት ትጮሃለች» አለው፤ እሷ እንድትሰማ ጮክ ብሎ።

ይህ አላስቀየማትም። ያስቀየማት የዓሣው ነገር ነው። ጀርማኖ በየዓርቡ ዓሣ በላስቲክ አድርጎ በሯ እጀታ ላይ ያንጠለጥልላታል፤ አንኳኩቶ ይገባል፣ ቡናውን ጠጥቶ፣ ስለ ጉልበቱ አማሮ ይሄዳል። ከበዓሉ ወዲህ ማንኳኳቱ ቀርቷል። ዓሣው ግን አልቀረም። ጀርማኖ ሰው ቢጠላም ዓሣ አያስቀርበትም። ልዩነቱ ዓሣው ሳይሰነጠቅ፣ አንጀቱ ሳይወጣ፣ ቅርፊቱ ሳይፋቅ እንዳለ መምጣቱ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ የተጠረገ ዓሣ ሲያመጣላት የነበረ ወንድም ነው። ዲኦሊንዳ ዕቃ ማጠቢያው ላይ ቆማ አንጀት ስታወጣ እንባዋ መጣ፤ ሽንኩርት አልነበረም ምክንያት የምታደርገው።

ወረቀቱ ከታደለ በሦስተኛው ዓርብ ሽርጧን ፈትታ ወደ ወደብ ወረደች። ጀርማኖ ጀልባው ላይ ተቀምጦ መረብ ይጠግናል። ስትመጣ አያት፤ መርፌውን አላቆመም።

ፎቶግራፉን እንደማታውቅ፣ ማን እንዳነሣው እንደማታውቅ፣ ፕሪቸት ራሱ በስልክ ይቅርታ እንደጠየቃት፣ ወረቀቱን ያተመው ዋናው መሥሪያ ቤት ነው እንዳላት ነገረችው። ሾርባ ለማንም እንደማይከለከልም ነገረችው፤ እናታቸው ብትኖር እናታቸውም ታበላው ነበር። ጀርማኖ ቋጠሮውን በጥርሱ በጠሰ።

«ፎቶግራፉ አይደለም» አለ።

«ማብላቴ ነው ታዲያ?»

«ማብላትሽም አይደለም። እኔም ባገኘው አበላዋለሁ። ከባሕር ላይ ሰው ወድቆ ባገኝ ጠበቃ ነህ ወይ ብዬ ነው የማወጣው?»

«ምንድን ነው ታዲያ? ንገረኛ!»

ጀርማኖ አየት አደረጋት። «ደጋሽ አንቺ ነሽ፤ እኔ ልነግርሽ?» አለና ወደ መረቡ ተመለሰ። ለብዙ ጊዜ ቆማ ጠበቀችው፤ ሲደክማት ሄደች።

መንገዱን ሙሉ ስትናደድ ነበር። ቤቷ ገብታ በንዴት ሳሎኑን ጠረገች፣ ወንበሮቹን አነሣች፣ በመጨረሻም ዘውዱን መወልወል ጀመረች። ስትወለውል የመጨረሻው ሰው ማን ነው ብላ የጠየቀችው ትዝ አላት። ሁሉም ዞሮ ፕሪቸትን ማየቱ ትዝ አላት። ከዚያ ደግሞ ጉቶዋ ላይ የነበረው ሳህን፣ ዳቦው፣ ናናው፣ ደርቆ ትዝ አላት። ጨርቁ እጇ ላይ ቀረ።

ያልበላ ሰው ነበር። እሳቱ ጋ ነበር። መረቅ ሳይፈስለት፣ ሳይጠራ፣ እሷ ጠበቃውን የመጨረሻ ብላ ዘውድ ስትጭን እሱ ሳህኑን ይዞ በኋላ በር መግባቱን እየጠበቀ ነበር። ምናልባትም በሩ ላይ ቆሞ አይቷት ይሆናል። ስንት ዓመት ሙሉ ሁልጊዜ በመጨረሻ የሚበላው እሱ ነበር፤ ሆኖም አንድም ዓመት ዘውዱን ለእሱ የጫነለት የለም፤ እሷም ብትሆን አስባው አታውቅም። የቤት ሰው ነዋ፤ የቤት ሰው አይቆጠርም። ዲኦሊንዳ ዘውዱን ዳንቴሉ ላይ መልሳ ሶፋው ላይ ተቀመጠችና አፈረች፤ ብቻዋን ቤት ውስጥ ሆና ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

ሄዳ ይቅርታ ልትለው አሰበች። ነገር ግን በሕዝብ ፊት የሆነ ነገር በጓሮ አይታጠብም። ነሐሴ ላይ ምክር ቤቱ ስለ ማሸጊያ ቤቱ ሊወስን ስብሰባ ጠርቶ ነበር፤ ሄዳ ለመናገር ስሟን አስመዘገበች። ካሌታ በአንድ ጊዜ ሰማ። ዓሣ አጥማጆቹ ጠበቃውን ልታዋርደው ነው አሉ። የኩባንያው ደጋፊዎች ልትደግፍ ነው አሉ። ኢዳሊና «ምን ልትይ ነው?» ብላ ብትለማመጣት «ስደርስ አውቀዋለሁ» አለቻት።

ስብሰባው የተደረገው በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ነው፤ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፤ መስኮቶቹ ተከፍተው ባሕሩ ይሰማል። አምስቱ የምክር ቤት አባላት መድረኩ ላይ ተሰልፈዋል፤ ከመሃል ከንቲባዋ ወይዘሮ ማርጆሪ ኪን መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገዋል። ተናጋሪው ፊት ትንሽ መብራት አለች፤ አረንጓዴ ስትሆን ይናገራል፣ ቢጫ ስትሆን ያሳጥራል፣ ቀይ ስትሆን ይቀመጣል።

ቀድሞ የተናገረው ፕሪቸት ነው። ፎቶግራፉን በትልቁ አሳትሞ በእንጨት ማቆሚያ ላይ አቁሞታል። ሲናገር ድምፁ ዝግ ያለ ነው። ኩባንያው ጠላት ሆኖ አልመጣም፣ የበረዶውን ማሽን ሌላ ቦታ እንተክላለን፣ ሥራ እንከፍታለን አለ። ይህ ከተማ ማንንም እንደማይገፋ በዚያ ቀን ገብቶኛል፣ ያ ዘውድ ሲጫንልኝ እንደ ከተማው ሰው ተቆጠርኩ አለ። የሚለውን ያመነ ይመስላል፤ ምናልባትም አምኗል።

ከዚያ ወዲያ አንድ ሆቴል ያለው ሰው ቱሪስት ዘይት ሊያይ አይመጣም አለ። አንድ በያጅ ልጆቼን በቱሪስት ፈገግታ አላሳድግም ብሎ መለሰለት። አስተማሪዋ የክፍለ ግዛቱ ክስ ሳያልቅ ቤቱን ማከራየት ክሱን በራሳችን እጅ መግደል ነው አለች፤ ሰው ደቂቃውን ስለሰጣት ረጅም ተናገረች። የኢዳሊና ልጅ ከነቫዳ መጥቶ ነበር፤ ተነሥቶ አገሬ መኖር እፈልጋለሁ ብቻ ብሎ ተቀመጠ። ማንም አላጨበጨበም፤ ማንም አልጮኸበትም። ጀርማኖ ካፖርቱን ለብሶ ከፊት ወንበር ተራውን ይጠብቅ ነበር።

«ወይዘሮ ዲኦሊንዳ ፉርታዶ» ተባለ።

ማይክሮፎኑ ረጅም ነበር፤ ጎንበስ አድርገው አወረዱላት። አረንጓዴው በራ። ጭልፋ የሌለበት እጇን የት እንደምታደርገው ጠፋት፤ በመጨረሻ ቦርሳዋን ይዛ ቆመች።

«ሚስተር ፕሪቸት እንግዳዬ ነበሩ» አለች። «ተሰልፈው መጡ፣ አበላኋቸው። ነገ ቢመጡም አበላቸዋለሁ። እናንተ ወገኖቼ ስለዚህ የምታሙኝ፣ የማኅበሩ በር ላይ ዘበኛ ማቆም ከፈለጋችሁ ሌላ ደጋሽ ፈልጉ። እኔ ጭልፋዬ ዓይን የለውም።»

ሰዉ ተንቀሳቀሰ። ፕሪቸት አንገቱን ዝቅ አደረገ።

«ግን ሚስተር ፕሪቸት፣ አንድ ነገር ላስረዳዎ። ሾርባ ፊርማ አይደለም። የበላ ሁሉ የተስማማ ቢሆን እኛ ካሌታዎች እርስ በርሳችን በተስማማን ነበር፤ አንድ ድስት ነው የምንበላው።» ትንሽ ሳቅ ተሰማ። «ዘውዱም የከተማው ሹመት አይደለም። የከተማውን ቁልፍ አልሰጠሁዎትም። ዘውዱ የሚጫነው በመጨረሻ ለሚበላ ሰው ነው፤ ማንም ቢሆን። ይህን ስል ግን…»

ቆመች። ቢጫው በራ። ቦርሳዋን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። የምትለውን እያወቀች ቃሉ አልወጣ አላት፤ በሕዝብ ፊት ጥፋትን ማውጣት ድስት ከማውጣት ይከብዳል።

«ይህን ስል ግን ተሳስቻለሁ። ያን ቀን ተሳስቻለሁ…»

ቀዩ በራ። ከንቲባዋ በትሕትና ጊዜዎ አልቋል አሏት። ዲኦሊንዳ መብራቷን አየቻት፤ ቦርሳዋን ጨበጠች፤ ልትመለስ ዞረች።

ከፊት ረድፍ ወንበር ተንኳኳ። ጀርማኖ ተነሥቶ ነበር።

«ጀርማኖ ፉርታዶ» አለ፣ የማያውቀው ሰው ያለ ይመስል። «ሦስት ደቂቃዬን ለእህቴ ሰጥቻለሁ።»

አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያን ካፖርት ያውቀዋል። ደቂቃውን ሰጥቶ እንደማያውቅም ያውቃል። ዓሣ አጥማጆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ጀርማኖ ተቀመጠ። አረንጓዴው እንደገና በራ።

ዲኦሊንዳ ወደ ማይክሮፎኑ ተመለሰች።

«ያን ቀን የመጨረሻው ሰው እሳቸው አልነበሩም። አንድ ያልበላ ሰው ነበር። ከኋላ፣ እሳቱ ጋ፣ እናንተ የበላችሁበትን ድስት እየፈገፈገ። እኔ ፊቴ የተቀመጠውን ብቻ አይቼ ሁሉም በልቷል አልኩ። ዘውዱን ለማይገባው ሰጠሁ አልልም፤ ሰው ሁሉ ይገባዋል። ግን ተራው የሌላ ነበር፤ ያ ሌላ ሰው ወንድሜ ነው።» ወደ ምክር ቤቱ ዞረች። «እናንተም ዛሬ አንድ ነገር ለአንድ ሰው ልትሰጡ ነው። ፊታችሁ የተቀመጡት ደህና ሰው ናቸው፤ አውቃቸዋለሁ። ከመስጠታችሁ በፊት ግን ከኋላ በር ያለውን ሰው ቁጠሩት። እኔ ሳልቆጥር ነው የሰጠሁት፤ እስከ ዛሬ እንቅልፍ አልወሰደኝም።»

አሁንም አረንጓዴ ነበር። የሚቀራት ነገር እንዳለ ሁሉ ቆመች። ከዚያ ፊቷን ወደ ፊት ወንበሩ መለሰች።

«ጀርማኖ» አለች፣ በማይክሮፎኑ፣ ከተማው እየሰማ። «ራት በልተሃል?»

አዳራሹ ሳቀ። ጀርማኖ አልሳቀም።

«አልበላሁም» አለ።

ከንቲባዋ ተናጋሪዋ ከአጀንዳው እንዳትወጣ አሳሰቡ፤ ዲኦሊንዳ ከአጀንዳው አልወጣሁም ብላ ሄዳ ተቀመጠች። የጀርማኖ የመረብ ታሪክ በዚያ ስብሰባ ሳይነገር ቀረ። በኋላ አንዳንዶች ቅር እንዳላቸው ተናገሩ፤ ስብሰባ ስብሰባ አልመሰለንም አሉ።

ምክር ቤቱ ያንኑ ዕለት ድምፅ ሰጠ። ሦስት ለሁለት፣ ቤቱ እንዳይከራይ ተወሰነ። ዲኦሊንዳ ናት ያስወሰነችው የሚሉ አሉ። ሦስተኛው አባልም የራሱ ሆቴል አለው፣ ለዚያ ነው የሚሉም አሉ፤ እነዚህ ወደ እውነቱ ሳይቀርቡ አይቀሩም። ፕሪቸት ፎቶግራፉን ከማቆሚያው አውርዶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አስቀመጠው፤ ሲወጣ ዲኦሊንዳን ጨበጣትና ኩባንያው ከተማውን እንደሚከስ ነገራት። እሷም ይህ የእርስዎ ሥራ ነው፣ ለሰኔ በዓል ግን እንዳይቀሩ አለችው። ኩባንያው ከሰሰ። ያም ክስ ሳን ፍራንሲስኮ ካለው ክስ ጎን ተሰልፎ ተራውን ይጠብቅ ጀመር። የኢዳሊና ልጅ ወደ ነቫዳ ተመለሰ፤ ኢዳሊና ዲኦሊንዳን አንድ ሳምንት አላናገረቻትም፤ በሁለተኛው ሳምንት ቡና ሊያልቅባት ሲል ተመልሳ መጣች።

ያን ምሽት ግን ወንድምና እህት ተከታትለው ዳገቱን ወጡ፤ እሱ ስለ ጉልበቱ እያማረረ፣ እሷ እየሰማች። ከበዓሉ የተረፈ መረቅ ፍሪዘር ውስጥ በረዶ አድርጋ አኑራ ነበር፤ ለማን እንዳኖረችው ያኔ አላወቀችም። አሞቀችው። ዳቦ ቆረሰች፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው ማሰሮ ናና ቆረጠች፣ አፈሰሰችለት። ጀርማኖ ካፖርቱን ሳያወልቅ፣ ኮፍያውን ሳያወልቅ፣ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ይበላ ጀመር። ጨው አንሶታል አለ። አላነሰውም አለች።

ሳህኑ ሊያልቅ ሲል ዲኦሊንዳ ተነሥታ ወደ ሳሎን ሄደች። ዘውዱን ከዳንቴሉ ላይ በሁለት እጇ አንሥታ ይዛ መጣችና ከኋላው ቆመች። በአዳራሹ ዘውድ ሲጫን የሚባለው ጸሎት ሁሉ ጠፋባት።

ጀርማኖ ዘወር ብሎ አላያትም። ዳቦውን አጣቅሶ ጎረሰ፤ ከዚያ ቀና ሳይል ኮፍያውን አወለቀ።